«ኖርማል» የሚለው ወረቀት የማይነግርህ ነገር

ስሜ ይደበቅልኝ ብሎ ለጻፈው ወንድማችን ነው። «የዘር ፈሳሽ ምርመራዬ ኖርማል ወጣ፤ 2 ዓመት ሞክረን ግን አልሆነም። እናቴ ችግሩ የሚስትህ ነው ትለኛለች። እውነት ነው?» ብለሃል። ከዚያ ወረቀት ብቻ እንዲህ ማለት አይቻልም።

ፒያሳ አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ለዚህ ምርመራ የሚመጣ ወንድ መስኮቱን ተጠግቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ውጤቱን ሲቀበል ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ያነባል። አንዱማ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሚስቱ ደወለና «ነግሬሽ አልነበር?» አላት። ወጥቼ ልከራከረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እኛ የምናየው ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የታችኛው ልክ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው፤ ወደፊት የሚዋኘው ደግሞ 30 በመቶ። ስፐርሙ እንቁላሉ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ግን ቁጥሩ አይናገርም።

ከወንድ ገና የወጣ ስፐርም እንደ ልቡ ቢዋኝም እንቁላል ውስጥ መግባት አይችልም። ሴቷ ሰውነት ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ መዘጋጀት አለበት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1951 ቻንግና ኦስቲን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ቻንግ አሜሪካ፣ ኦስቲን አውስትራሊያ ሆነው ለየብቻ ደረሱበት። ዝግጅቱ ካፓሲቴሽን ይባላል።

ስፐርም ሲወጣ ኮሌስትሮሉን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው። በሴቷ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ጋቢውን ቀስ እያለ ይገፍፈዋል። እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ስፐርሙ ውስጥ ይገባና ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን መልእክተኛ የሚሠራ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል። መልእክተኛው ሌላ ኢንዛይም ያነቃል፤ ያኛው ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጅራቱ ላይ ካትስፐር የሚባል የካልሲየም በር አለ። ይህን በር ወለል አድርጎ የሚከፍተው ፕሮጄስትሮን ነው፤ እንቁላሉን የከበቡት ሴሎች የሚያመነጩት የሴቷ ሆርሞን! ካልሲየም ሲገባ ጅራቱ እንደ ጅራፍ መገረፍ ይጀምራል። በመጨረሻም ጭንቅላቱ ላይ ያለው አክሮዞም የሚባል ከረጢት ይፈነዳል፤ ያኔ ነው የእንቁላሉን ሽፋን ማለፍ የሚችለው።

ስልጠና ላይ ሳለሁ ታጥቦ ኢንኩቤተር ውስጥ የቆየ ናሙና አየሁ። ቀጥ ብለው ይዋኙ የነበሩት እየተገለባበጡ ይወራጫሉ። ተበላሸ ብዬ ልደፋው ነበር። አሰልጣኛችን ሳቀችና «አሁን ገና ደረሱ» አለችኝ።

ሁሉም ደግሞ አንድ ላይ አይደርሱም። እንደ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ጥቂቶቹ ይደርሳሉ፣ ሰዓታቸው ያልፋል፣ ሌሎች ይተካሉ። ስፐርም እስከ 5 ቀን፣ እንቁላል ግን አንድ ቀን ያህል ብቻ ስለሚቆዩ ይህ ተራ ይጠቅማል። እንቁላል እስኪወጣ ከመጠበቅ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ማለት የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንተ። ብዛቱም እንቅስቃሴውም ኖርማል ሆኖ ካትስፐር የማይሠራላቸው ወንዶች ተገኝተዋል። ብዙ አይደሉም፤ አንተ ከእነሱ ነህ እያልኩም አይደለም። ግን የእኛ ማይክሮስኮፕ አያያቸውም። ለእነሱም ቢሆን ስፐርሙን በመርፌ እንቁላል ውስጥ የሚያስገባው ኢክሲ የሚባል ዘዴ አለ። ምናልባት ደግሞ የሚስትህ የማህፀን ቱቦ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም እንቁላል በጊዜው አይወጣ ይሆናል። ይህ የሚታወቀው ስትመረመር ነው እንጂ በአንተ ወረቀት አይደለም።

ስለዚህ አብራችሁ ሂዱ። ጳውሎስ ሆስፒታልም የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። የአንተንም ምርመራ ድገመው፤ ከዚያ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳታፈስ ቆይ። ናሙናውን ከቤት የምታመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርስ፣ እቃውንም ከሰውነትህ አስጠግተህ ያዘው። አራት ኪሎ ታክሲ ስትጠብቅ እንዳይቀዘቅዝብህ፣ ያን ቀን ራይድ ጥራ።

ለእናትህ ደግሞ «ሁለታችንም እየተመረመርን ነው» በላቸው።