የቤት ፍለጋው ጨምሯል፤ ስራዬን ልልቀቅ?

እህቴ፣ ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ በደመወዝ ትሰሪያለሽ። አንድ ሪል ስቴት ደግሞ በኮሚሽን ብቻ ቤት ሽጪልን ብሎሻል። ጎግል ትሬንድስ ላይ፣ ማለትም ሰው አንድን ቃል ምን ያህል እንደሚፈልግ በመስመር በሚያሳየው የጎግል ገጽ፣ «የሚሸጥ ቤት» የሚለው ፍለጋ ወደ ላይ ሲወጣ አይተሽ፣ ገበያው እየተነሳ ነውና ልልቀቅ ወይ ትያለሽ።

አሁን አትልቀቂ። ሀሳብሽ ግን መሰረት አለው። በፈረንጆቹ 2009 የጎግሉ ኢኮኖሚስት ሃል ቫሪያን ከባልደረባው ጋር ሆኖ፣ የፍለጋ ቁጥር የአሜሪካን የቤት ሽያጭ ለመገመት እንደሚረዳ አሳይቷል። እዚያ ሰው መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያስሳል፣ ከዚያ ያያል፣ ይበደራል፣ ይፈርማል፤ ሽያጩ ተመዝግቦ ቁጥር ሆኖ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። እዚያም ቢሆን የገንዘብ ቀውሱ በ2008 ፈንድቶ የቤት ዋጋ ወለል የነካው በ2012 ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ በኮሚሽን ብቻ መኖርን አስቢው።

ደግሞ መስመሩ ጫፍ ላይ ያየሽው 100 የሰው ብዛት አይደለም። በመረጥሽው ጊዜ ውስጥ ፍለጋው ከሁሉ ከፍ ያለበት ነጥብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ አንጻር ይለካል። ፈላጊው ጥቂት ከሆነ መስመሩ ያለ ምክንያት ይዘላል። በላቲን ፊደል የሚጽፈው አማርኛ ፈላጊ አንቺ ያስገባሽው ቃል ውስጥ የለም፣ ዋሽንግተን ሆኖ የሚፈልገው ዲያስፖራም «ኢትዮጵያ» ብለሽ ስትመርጪ ከቁጥሩ ውጭ ይሆናል። የኮንዶሚኒየም እጣ በወጣ ቀን የሚፈልገው ሰውማ ስሙን ነው የሚፈልገው።

ሻጩም እኮ ይፈልጋል! አከራይሽ ራሱ ምን ያህል ልጨምር ብሎ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ገንዘቤ ሳይረክስ ብሎ ቤት የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ መጠየቅና ቅድመ ክፍያ ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው።

እኔም በልጅነቴ ለአንድ ድርጅት ቤት ሸጫለሁ፣ ማለቴ ለመሸጥ ሞክሬያለሁ። ስልኬ ሲጮህ ነው የሚውለው። ሰው ይዤ ሳይት እመላለሳለሁ፣ ታክሲው ከኪሴ። በሁለት ወር አንድ ቤት ሸጥኩና ገዢው ሁለተኛውን ክፍያ ሲያቋርጥ ኮሚሽኔም አብሮ ቀረ።

ስለዚህ ደመወዝሽን ይዘሽ ሦስት ወር ሞክሪው። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ሠላሳ የሚሸጡ ቤቶችን ከቴሌግራም ልቀሚና ኤክሴል ላይ አስገቢ፦ የካሬ ዋጋ፣ የተለጠፈበት ቀን፣ ዋጋው ወርዶ እንደሆነ። አንዱን ፎቶ አምስት ደላላ ሊለጥፈው ስለሚችል ደግመሽ አትቁጠሪ። በየሁለት ሳምንቱ ደውለሽ «አለ ወይ?» በይ። ቤቶቹ ዋጋ ሳይቀንሱ ቶሎ ቶሎ ከተሸጡ ያኔ ገበያው እየተነቃነቀ ነው። ደላላ «ተሸጧል» ሲልሽ ግን ሁሌ አትመኚው፤ ሌላ ውድ ቤት ሊያሳይሽ ፈልጎ ይሆናል።

ይቺ ፋይል ኋላ ለባንክ የብድር ክፍል ወይም ለንብረት ግምት ስራ ስትወዳደሪ ከሲቪሽ ጋር ትቀርባለች፤ አካውንታንት ሆነሽ የሰፈርሽን ገበያ በቁጥር የምታውቂ መሆንሽ ከሌላው ይለይሻል።

እስከዚያው ሪል ስቴቱን ሦስት ነገር ጠይቂ። ኮሚሽኑ የሚከፈለው በቅድመ ክፍያው ነው ወይስ በየዙሩ? ገዢው ቢያቋርጥ መልሺ ትባያለሽ? ትራንስፖርቱስ በማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ስጡኝ በይ። እምቢ ካሉሽ ሠላሳውን ቤት መቁጠር እንኳ ሳያስፈልግሽ መልስሽን አግኝተሻል።