እናቴ "ገላግሉኝ" እያለች ነው፣ ብንረዳት እንከሰሳለን?

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጠያቂዋ ስሜ እንዳይወጣ ስላለች ረጅሙን ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

"እናታችን አዲስ አበባ ናት፣ 71 ዓመቷ ነው። የማህፀን ጫፍ ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ተብለናል፣ ለሷ ግን አልነገርናትም፣ የወገብ ሕመም ነው ብለናታል። ማታ ማታ ታላቅ ወንድሜን እጁን ይዛ 'ልጄ ገላግለኝ' ትለዋለች። ትናንት በቴሌግራም 'የሚሰጣትን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ጨምሬ ብሰጣት ታርፋለች፣ ምን ትያለሽ?' ብሎ ጻፈልኝ። ምን ልበለው? እዚህ ዲሲ ውስጥ ሐኪም መድኃኒት አዞ እንዲህ ያለ በሽተኛ የሚያርፍበት ሕግ አለ ሲሉም ሰምቻለሁ፣ በቪዛ ላመጣት እችላለሁ ወይ? ሌላው፣ አባታችን ከሁለት ዓመት በፊት አይሲዩ ገብቶ ዶክተሮቹ ተስፋ የለውም ሲሉን ፈርመን ማሽኑ ተነቅሎለት ቤት ወሰድነው፣ በማግስቱ አረፈ። የፈረመው ወንድሜ ስለነበር እስካሁን 'አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ' ይላል። ያኔ ወንጀል ሠርተናል ማለት ነው?"

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ለወንድምሽ የምትመልሺውን ላስቀድም፣ ሌላው ሊቆይ ይችላል ይሄ ግን አይቆይም። "እንዳታደርገው" በይው። ዛሬውኑ፣ መጀመሪያ ደውለሽ ከዛ ደግሞ እዛው ቴሌግራሙ ላይ ጽፈሽ። ለምን መጻፍ እንዳስፈለገ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው ዩታኔዥያ (የማይድን በሽተኛን ከሥቃዩ ለመገላገል ብሎ መግደል) ሲባል ለብቻው የሆነ ሕግ፣ ለብቻው የሆነ ቀለል ያለ ቅጣት ያለው ይመስለዋል። በኛ በኢትዮጵያ ሕግ እንደዛ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ "አዝኜለት ነው የገደልኩት" የሚል ሰው የሚገባበት የራሱ አንቀጽ የለውም፣ የሚገባው ሌላው ነፍሰ ገዳይ በሚገባበት በር ነው። ያ ማለት አንቀጽ 540፣ ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። "እሷው ራሷ ለምናኝ ነው" ቢልስ? አይሰራም። አንቀጽ 70 በዐቃቤ ሕግ ክስ በሚያስቀጣ ወንጀል የተጎጂው ፈቃድ ወንጀሉን አያስቀረውም ይላል፣ ሰው መግደል ደግሞ የዚህ ዋናው ነው። መድኃኒቱን እሱ አቅርቦላት በራሷ እጅ ብትወስደውስ? እሱም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 542። ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ሰው በኛ ሕግ አይከሰስም፣ ያነሳሳውና የረዳው ግን ይከሰሳል፣ ሞት ከተከተለ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ።

ልቡ ንጹህ መሆኑ ምንም አይጠቅመውም ማለቴ አይደለም። አንቀጽ 82 ላይ ከተከበረ ዓላማ ተነስቶ ለራሱ ጥቅም ሳይል ያደረገ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። ግን ልብ በይ፣ ቅጣት ማቅለያ የሚነሳው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው። እስከዛ ድረስ ወንድምሽ እናቱን ቀብሮ ለቅሶ ሳይቀመጥ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። "ምን ትያለሽ?" ብሎ የጻፈልሽ መልእክት ስልክሽ ላይ አለ። አንቺ "እሺ በቃ፣ ትረፍ" ብትይው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆንሽ ከነገሩ ውጪ አትሆኚም፣ ሰውን ወንጀል እንዲሠራ ማነሳሳት በአንቀጽ 36 ያስጠይቃል። ለዛ ነው እምቢታሽ በጽሑፍ ይሁን ያልኩሽ። የሱን መልእክት ደግሞ አታጥፊው፣ አጥፍተሽ "ምን ደብቀው ነው" ከመባል የጨነቀው ልጅ እህቱን ያማከረበት ሆኖ መታየቱ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ነገር ማን ፖሊስ ጋ ያደርሰዋል ትይኝ ይሆናል። ወንድምና እህት ነው የሚያደርሰው። በጥብቅና ሥራዬ አንድ ፋይል ይዤ ነበር፣ አዛውንቱ ታመው ቤት ተኝተው ያስታምማቸው የነበረው ልጅ አንድ ብቻ ነበር፣ አርባቸው ሳይወጣ የቤቱ ነገር ተነሳና ሌላኛው ልጅ "መድኃኒቱን አብዝቶ ሰጥቷቸው ነው" ብሎ አመለከተ። ምንም አልነበረም፣ ልጁ ሰዓቱን በደብተር እየጻፈ ነበር የሚሰጣቸው፣ ያ ደብተር ነው ያወጣው። ደብተሩ ባይኖር ግን እንጃ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሟቹን ሆን ብሎ ገድሏል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ለመውረስ አይገባውም፣ ስለዚህ ውርስ ያለበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሁልጊዜ የሚጠቀምበት ሰው አያጣም። የናንተ ቤት እንደዛ ነው አላልኩም፣ ግን ወንድምሽ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ይግዛ።

ስለ ሽሮፑ ሌላ የምልሽ አለ። ከገለጻሽ እንደሚመስለኝ ሞርፊን ነው። እንደኔ አስተያየት ችግራችሁ መብዛቱ ሳይሆን ማነሱ ነው። ሕመምተኛ ሌሊት ሌሊት "ገላግለኝ" እያለች ከሆነ የታዘዘላት መጠን እየደረሳት አይደለም፣ ወይ መጠኑ ራሱ መስተካከል አለበት ማለት ነው። የሚዋጠው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። ብዙ ቤት ግን "ሱስ ይሆንባታል"፣ "ልቧን ያደክመዋል" እየተባለ ሲብስባት ብቻ ይሰጣታል፣ የተኛች እንደሆነ ደግሞ "ተኝታለችና ትቆይ" ይባላል፣ ከዛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየጮኸች ትነሳለች። ወንድምሽ ያያት ይቺን ሰዓት ነው። ፈርቶ ሲያሳንስ ከርሞ አሁን ደግሞ አዝኖ ሊያበዛ ነው፣ ሁለቱም ሐኪሙ ያዘዘው አይደለም።

ሐኪሙ መጠኑን ቢጨምርላትስ ወንጀል አይሆንበትም? አይሆንበትም። አንቀጽ 69 ባለሙያ በሙያው ተቀባይነት ባለው አሠራር የሥራ ግዴታውን ሲወጣ ከባድ የሙያ ጥፋት እስካልፈጸመ ድረስ አያስቀጣውም ይላል። ለካንሰር ሕመም ሞርፊን መጨመር ደግሞ የታወቀ አሠራር ነው። አንዳንድ ሐኪም ሕጉን ከሚፈራው በላይ ልዩ ማዘዣ ወረቀቱን ይፈራል፣ ሞርፊን እንደ ሌላው መድኃኒት በተራ ወረቀት አይታዘዝም፣ ሁሉም ፋርማሲ ውስጥም አይገኝም። ስለዚህ ወንድምሽ ሐኪሟ ጋ ሄዶ "ሌሊት እየጮኸች ነው፣ በዚህ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል እየሰጠኋት ነው" ብሎ ደብተሩን ያሳየው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያዩም አሉ፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አንዱ ነው። መሄጃ የላትም ተብሎ የተለቀቀች በሽተኛ መታከሟ አላበቃም፣ ቢያንስ ሕመሟ ይታከማል።

አሁን ትንሽ የምትቀየሚኝን ነገር ልናገር። እናትሽ በሽታዋን አታውቅም። "ገላግለኝ" የምትለው የወገብ ሕመም ያለባት ሴት ናት፣ ለምን እንደማይሻላት ያልገባት፣ ልጆቿ ዞር ብለው ሲያለቅሱ የምታይ። ምናልባት ከኔ በላይ ታውቀው ይሆናል፣ እናቶች ያውቃሉ። ግን ከሷ ጋር ማንም አላወራም። ቤተሰቡ መርዶ ነው ብሎ ነው የሚደብቀው፣ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እኔም በቤታችን አድርጌዋለሁ። በሕግ ዓይን ግን ጤነኛ አእምሮ ያላት ትልቅ ሴት ነች፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት ይችላል ሲል መብቱን የሰጠው ለሷ ነው፣ ለወንድምሽ አይደለም ላንቺም አይደለም። ያልተነገራት ሰው ደግሞ እሺም እምቢም አላለችም። ቀንዲል ይደረግልኝ ልትል ትችላለች፣ ንስሐ አባቷን ልትጠራ ትችላለች፣ አንቺን "ነይልኝ" ልትል ትችላለች። "ገላግለኝ" ያለችው ከነዚህ አንዱን ይሆን?

አባታችሁን በሚመለከት፣ ወንጀል አልሠራችሁም። ይህን ለወንድምሽ እንደ ጠበቃ አፍ ሞልቼ የምነግረው ነው። መግደልና መተው አንድ አይደሉም። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ የምናደርግለት ነገር አያድነውም ብለው ነገሯችሁ፣ እናንተ ተስማማችሁ፣ እሱ በበሽታው ሞተ። ማሽን መንቀልን በስሙ ጠርቶ የሚያስቀጣ አንቀጽ የወንጀል ሕጋችን ውስጥ የለም፣ ሐኪሞቹም ቢሆኑ በሙያው አሠራር እስከሄዱ ድረስ ያው አንቀጽ 69 አለላቸው። የፈረመው እጅ የወንድምሽ ቢሆንም ውሳኔው የሐኪሞቹና የመላው ቤተሰብ ነበር። ይህ መተውና መግደል የሚሉት ልዩነት ሌላውንም ዓለም ያስጨንቃል በነገራችን ላይ፣ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ በሽተኛን ከማሽን አዲስ አለማገናኘት ይፈቀዳል ያለማቋረጥ እየሠራ ያለን መንቀል ግን አይፈቀድም፣ ስለዚህ ማሽኑ ላይ ሰዓት ይገጠምለትና ጊዜው ሲያልቅ ራሱ ይቆማል፣ እንደ አዲስ አለመቀጠል ይሆናል ማለት ነው። ሲሰሙት ያስቃል፣ ግን ያን ሰዓት የፈለሰፉት ሰዎች ወንድምሽን የሚበላውን ነገር በደንብ ያውቁታል።

ወደ ዲሲ። እኔ ፈቃዴ የኢትዮጵያ ነው፣ እዛ ላለው የዛውን ጠበቃ አማክሪ፣ ግን ብር አውጥተሽ ሳትሮጪ በፊት ማወቅ ያለብሽን ልንገርሽ። ሕጉ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሚሠራው ግን ለዲሲ ነዋሪ ነው፣ በቱሪስት ቪዛ መጥታ አንቺ ሶፋ ላይ የተኛች እናት ነዋሪ አትባልም፣ ያውም ሶፋው ሜሪላንድ ነው። በሽተኛው 6 ወር እንደማይቆይ በሐኪሞች መረጋገጥ አለበት፣ ጥያቄውን ራሱ ነው የሚያቀርበው፣ በቃል ሁለት ጊዜ በመሃሉ 15 ቀን አልፎት፣ በጽሑፍ ደግሞ ምስክር ፊት። ከሁሉም በላይ ምን በሽታ እንዳለበትና ሌላ ምን አማራጭ እንዳለው በግልጽ ተነግሮት መሆን አለበት። የወገብ ሕመም ነው የተባለች ሴት እዛ በር ላይ ነው የምትመለሰው። መድኃኒቱንም በራሱ ነው የሚወስደው፣ ልጅ አያጠጣም። አንቺ ያለሽበት ሜሪላንድ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 ሴኔቱ ውስጥ 23 ለ23 እኩል ወጥቶ ወድቋል፣ ድንበሩን ስትሻገሪ ሕጉ ይቀየራል። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ስትጀምረውም ከጠያቂው በሽተኛ ውጪ ሌላ ሰው እንዲወስንለት አልነበረም።

የራሴን ሐሳብ ደግሞ ትጠይቂኛለሽ፣ "አንተስ ይፈቀድ ትላለህ?" ብለሽ ጽፈሻል መጨረሻ ላይ። አእምሮው ንጹህ ሆኖ ሁሉን ነገር ሞክሮ "በቃኝ" ያለ ሰው ፊት ቆሜ ኃጢአት ነው ብዬ የምሰብክ አይደለሁም፣ ያን ለንስሐ አባቱ እተወዋለሁ። ግን እኛ አገር ዛሬ ይፈቀድ ቢባል እፈራለሁ። እኛ ጋ የሐኪም ቤት ሒሳብ የሚከፈለው በሬ ተሸጦ ነው፣ አለበለዚያ ከእድር ወይ ካንቺ ከሚላክ ብር ነው፣ እናቶቻችን ይህን ሒሳብ በልባቸው ያሰሉታል። "ልጆቼን አስቸገርኩ" የምትል ሴት አፍ ላይ "ልሙት" የሚለው ቃል በጣም ቅርብ ነው። ኔዘርላንድ ያለው በሽተኛ በቅርብ የሚያውቀው የቤተሰብ ሐኪም አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ሕመሙ ታክሟል፣ ከዛ በኋላ ነው ጥያቄው የሚነሳው። እኛ ጋ ሞርፊን እንኳ ሳይዳረስ ሞትን ማዳረስ ይከብደኛል። እንደኔ የማያስቡ ጓደኞች አሉኝ፣ ሐኪሞችም አሉባቸው፣ ብዙ ተከራክረናል።

እና ወንድምሽ። ብቻውን ነው የሚያድረው መሰለኝ፣ ከደብዳቤሽ ሌላ ሰው ስም አላየሁም። የአክስት ልጅም ይሁን ጎረቤት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚተካው ሰው ፈልጉለት፣ የምትልኪው ብር ካለ ለሌሊት አስታማሚ ይሁን። ስትደውዪለት ደግሞ ስለ አባታችሁ የጻፍኩትን አንብቢለት። አይሲዩ የፈረመበት ወረቀት ካለው ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ አይቼ በስልክ እኔው ራሴ አናግረዋለሁ፣ ክፍያ የለውም።