አባቱን በጨጓራ ካንሰር ላጣው ወንድማችን፦ ኢንዶስኮፒውን አታቆየው

ወንድሜ፣ አባታችሁን ነፍስ ይማር። «ሜቲሌሽን የሚያይ የደም ምርመራ የጨጓራ ካንሰርን ቀድሞ ያሳያል አሉኝ፤ እሱ እስኪመጣ ኢንዶስኮፒውን ላቆየው?» ብለሃል። ኢንዶስኮፒ ማለት ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት ነው። አታቆየው።

እናቴን ያጣሁት በዚሁ በሽታ ነው። ቢቸና ሆና ዓመት ሙሉ ተልባ ስትጠጣ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ስትውጥ ከረመች። አንድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስትለብስ አየኋት፤ ድሮ ሁለት ዙር የነበረው መቀነቷ ሦስት ዙር ዞሮ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ሰገራዋ እንደ ቅጥራን መጥቆሩን የነገረችኝም ያን ዕለት ነው፤ አፍራ ደብቃኝ ነበር። ባሕር ዳር ወስደናት ናሙና ሲወሰድ ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል። ቀደም ሲል አንድ ክሊኒክ ሰገራዋን አይቶ «ጨጓራ የሚያቆስለው ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ የለም» ብሏት ነበር። ለካ ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ከምርመራ ስለሚደብቀው ከ2 ሳምንት በፊት መቆም ነበረበት! ማንም አልነገረንም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሜቲሌሽኑ ወሬ አይደለም፣ እውነተኛ ሳይንስ ነው። ጎጃም ያደግክ ሰው የዜማ መጽሐፍ ሳታይ አትቀርም፤ ፊደሉ ያው ሆኖ ከበላዩ የተጻፈችው ትንሽ ምልክት ዜማውን ትቀይረዋለች። ሜቲል የሚባለው ትንሽ ኬሚካልም የጂኑን ፊደል ሳይነካ ላዩ ላይ ይለጠፍና ጂኑን ዝም ያሰኘዋል። ሕዋሳትን አያይዞ የሚያቆመው ሲዲኤች1 እና የዲኤንኤን ስህተት የሚያርመው ኤምኤልኤች1 በጨጓራ ካንሰር እንዲህ ዝም ከሚሉት ውስጥ ናቸው። ከዕጢው የሚረግፍ ዲኤንኤ ደም ውስጥ ስለሚገባ ምልክቱን ከደም መፈለግ ይቻላል። ግን ዕጢው ትንሽ ሳለ፣ ማለትም መዳን በሚቻልበት ጊዜ፣ የሚረግፈው ጥቂት ስለሆነ ምርመራው ሊስተው ይችላል። ባክቴሪያ ለዓመታት ያቆሰለው፣ ካንሰር የሌለበት ጨጓራም ምልክቱ ይገኝበታል። ሐኪም ካንሰር ነው ብሎ የሚቆርጠው አሁንም በኢንዶስኮፒ ከተወሰደ ናሙና ነው።

ይልቅ ልብ በሉ፦ ያንን ምልክት በጨጓራ ላይ ከሚያበዙት ዋናው ኤች ፓይሎሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመዝግቧል። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ይተላለፋል፤ «የዘራችን ነው» ብላችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ወንድም እህት ሁላችሁም ተመርመሩ። ታክማችሁ ባክቴሪያው ሲጠፋ ምልክቱ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ክትትሉን አታቋርጡ። በዘር የሚወረስ ዓይነትም ስላለ አባታችሁ ሲታመሙ ከ50 ዓመት በታች ከነበሩ ለሐኪሙ ንገሩት።

ኦሜፕራዞል እየወሰድክ ከሆነ የምርመራውን ቀን ከመያዝህ በፊት ተናገር። ምግብ መዋጥ ካቃተህ፣ ከከሳህ ወይም ሰገራህ ከጠቆረ ግን ቀን አትቁጠር፣ ነገ ሂድ።