የመርከብ ሽርሽር ከልጆች ጋር፦ ዋናው ጣጣ አዲስ አበባ ላይ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ለመጪው ክረምት ከሮም ተነስቶ ሜዲትራኒያንን በ7 ሌሊት የሚዞር መርከብ አግኝተናል። ወኪሉ “ቶሎ ለከፈለ ቅናሽ አለ” ስላለን ሙሉውን ልንከፍል ነው። የሚያሰጋ ነገር ይኖር ይሆን?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አለ። ቪዛው ሳይወጣ ሙሉውን እንዳይከፍሉ። ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች መጀመሪያ ቀብድ ይቀበሉና ቀሪውን የሚጠይቁት ጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ከሰረዙ የሚመለስልዎ ገንዘብ ቀኑ በቀረበ ቁጥር እየተሸረፈ ይሄዳል። በቅናሽ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀብዱ የማይመለስ ነው። ወኪሉን ከሁሉ አስቀድመው “ቪዛ ብንከለከል ስንቱ ይመለሳል?” ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

የሼንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ በርካታ የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ቪዛ የሚያስገባው) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። ለሐምሌ አጋማሽ ጉዞ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ማስገባት ይችላሉ ማለት ነው፤ ቶሎ ካስገቡ የቀሪው ክፍያ ቀን ሳይደርስ መልሱን ያውቁታል። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ተመን ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ለ9 ዓመቱ ልጅ 45 ዩሮ ይከፈላል፤ የ4 ዓመቱ ነጻ ነው። የማመልከቻ ማዕከሉ አገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ቀጥሎ የመርከቡን መንገድ ወደብ በወደብ ያንብቡ። ጄኖዋ፣ ማርሴይ፣ ባርሴሎና ብቻ ከሆነ ሁሉም ሼንገን ነው። መሀል ላይ ቱኒስ ወይም ኢስታንቡል ካለበት ግን ከሼንገን ወጥተው እንደገና ይገባሉ፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ የሚያስገባ (መልቲፕል) ያስፈልጋችኋል፤ የቱኒዚያና የቱርክ ቪዛ ጉዳይም ለብቻው ይጣራል። “እኛ ከመርከቡ አንወርድም” ማለት ሁልጊዜ አያድንም፤ ድርጅቱ ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ከመነሻው አላሳፍርም ሊል ይችላል።

ቀኑን ስትመርጡ አጽዋማቱን አትርሱ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ፍልሰታን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው “እንጾማለን” ብለው አሻፈረኝ ይላሉ። ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30 ያለው ጊዜ ከረቡዕና ዓርብ በስተቀር የፍስክ ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፦ “ከሮም ይነሳል” የሚባለው መርከብ የሚነሳው ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ካለችው ቺቪታቬኪያ ነው። አውሮፕላኑ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም። ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፣ የአንድ ሌሊት ሆቴልም በወጪያችሁ ላይ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፈቃድ አላገኘም፤ ልጄን ይዤ ብቻዬን ነው የምሄደው። ወኪላችን የልጄን የመጨረሻ ስም ከእኔ ጋር እንዲመሳሰል አድርጎ መዝግቦታል። ችግር ያመጣል?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ ያመጣል፤ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል መሆን አለበት።

የእኛ አሰያየም ለውጭ ሰው ግራ ነው። እናት ሄለን ግርማ ተሰማ፣ አባት ዳንኤል ወርቁ አበበ፣ ልጅ ናሆም ዳንኤል ወርቁ ቢባሉ፣ መሳፈሪያው ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ተሰማ፣ አበበ እና ወርቁ የሚባሉ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦችን ነው። ዝምድናችሁን የሚያስረዳው የልደት ሰርተፍኬቱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የሌለበት ከሆነ ያስተርጉሙትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስረጋግጡት። አባትየው ደግሞ በአካል ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲጓዝ መስማማቱን ይፈርም፤ ደብዳቤው የመርከቡን ስም፣ የመነሻና የመመለሻ ቀኑን ይጥቀስ። ዋናውን በእጅ ቦርሳ፣ ኮፒውን በስልክ ይያዙ። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ይረከቧችኋል፤ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰነድ፣ መድኃኒትና የልጅ ቅያሪ ልብስ እዚያ ውስጥ እንዳይገባ።

የልጁ ፓስፖርት ከመመለሻ ቀናችሁ በኋላ 6 ወር የማይቀረው ከሆነ ወደ ኢሚግሬሽን ጎራ ማለት የሚገባው አሁን ነው። የቢጫ ወባ ካርድም አብሮ ይታሰብ፦ ክትባቱ ከ9 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ቢሾፍቱ ስንሄድ እንኳ መኪና ውስጥ ያስመልሰዋል። መርከብ ላይ አንድ ሳምንት እንዴት ይሆናል?
አባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ትልቅ መርከብ ላይ ደህና ሊሆን ይችላል። ዘመናዊ መርከቦች ከውኃ በታች በግራና በቀኝ የሚዘረጉ ክንፎች አሏቸው፤ መወዛወዙን ይቀንሱታል። የሚያስመልሰው ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል “እየተንቀሳቀስን ነው” ሲል ዓይን ደግሞ “ዝም ብለን ተቀምጠናል” ሲል ነው። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል።

ክፍል ሲመርጡ ከመርከቡ ርዝመት መሀል ላይ፣ ከታችኛዎቹ ፎቆች፣ መስኮት ያለውን ይያዙ። እንደ ሚዛን ጨዋታ ነው፤ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ይነሳል ይወድቃል፣ መሀል ላይ ያለ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከላይ ያለው ባለ ሰገነት ክፍል ውድም ነው፣ ለእንዲህ ያለ ልጅም የከፋ ነው።

ማስመለስን የሚከላከለው ዳይመንሀይድሪኔት የሚባለው መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ለልጅዎ መጠኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይንገርዎት። የሚወሰደው ከጉዞው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ቢሰጡት ተመልሶ ይወጣል። ብዙ ልጆችን ያስተኛል፣ አንዳንዱን ግን ያቅበጠብጣል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው የቢሾፍቱ ጉዞ ሞክረው ይዩት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ፕላስተር የአዋቂ ነው፣ ለልጅ አይሆንም። ከጀመረው ታብሌቱን ይንጠቁትና ውጪ አውጥተው ሰማይና ባሕር የሚገጥሙበትን መስመር እንዲያይ ያድርጉት። ደረቅ ዳቦ ጥሩ ነው፤ ባዶ ሆድ ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ሕፃን ይዞ መሄድ ይቻላል?
ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ይቻላል፤ ብዙዎቹ መርከቦች ከ6 ወር ጀምሮ ይቀበላሉ፣ ወደብ ሳይነኩ ተከታታይ ቀናት ውቅያኖስ ላይ ለሚቆዩት ግን 12 ወር ይጠይቃሉ። ነገር ግን ዳይፐር ያላወለቀ ልጅ በአብዛኛው መዋኛ ገንዳ አይገባም፣ የመዋኛ ዳይፐር ቢደረግለትም እንኳ። የልጆች ክበቡም ባብዛኛው ከ3 ዓመት ጀምሮ፣ ሽንት ቤት መጠቀም ለቻለ ነው። ከሕፃኑ ጋር ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ያን ሁሉ ዶላር ማውጣት የሚያዋጣ አይመስለንም። 3 ዓመት እስኪሞላው ይቆዩ።

ጥያቄ፦ መርከቡ ላይ ልጅ ቢጠፋብንስ?
ከሜክሲኮ

መልስ፦ በልጆች ክበብ ለተመዘገቡት በብዙ መርከብ የእጅ አምባር ይታሰርላቸዋል፤ በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰቡበት ጣቢያ ቁጥር አለበት። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የሽርሽር መርከብ በ2012 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ዳርቻ ላይ ከተገለበጠ በኋላ ደንቡ ተቀይሮ የአደጋ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሳ ይደረጋል። ልጆቹን ይዛችሁ ጣቢያው ድረስ በእግር ሂዱ፣ መንገዱን እነሱ ይምሯችሁ። ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጡሩምባ ሲሰማ የአደጋ ጥሪ መሆኑን ይወቁ። ክፍላችሁ ውስጥ በልጁ ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ የዚያኑ ዕለት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የልጆቹ አያት አብረውን ይሄዳሉ። ያለ ቡና አይሆንላቸውም። ጀበናና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብንይዝስ? ረቡዕና ዓርብ ምን ይበላሉ?
ከለገሃር

መልስ፦ ምድጃ፣ የውኃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ አንዱም አይገባም። መርከብ ላይ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳት ስለሆነ ሻንጣው ሲፈተሽ ይወሰዳል፤ የሚመለሰው ስትወርዱ ነው። ጀበናው ቤት ይቅር። እማማን ካፌው ጋ ወስዳችሁ ከኤስፕሬሶው ድርብ ብታዙላቸው ይሻላል፤ አቦል ባይባልም ራስ ምታቱን ይከላከላል።

ጾሙን በተመለከተ ክፍሉን ስትይዙ “ቪጋን” ብላችሁ አስመዝግቡ፤ “ሥጋ አልበላም” ብቻ ካላችሁ በቅቤ የተሠራ አትክልትና ወተት የገባበት ዳቦ ይመጣል። መጀመሪያው ማታ አስተናጋጁን አግኝታችሁ ለነገ ምን እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ብዙ ቦታ በዋዜማው ይታዘዛል። ቤት የተሠራ ምግብ አብዛኛው መርከብ አያስገባም፤ ከሱቅ የታሸገ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሽሮ ለምን ትይዛላችሁ፣ የት ልትሠሩት!