እማዬ የጉልበት ስፖርቷን ተወችው

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) አለብሽ ተብላ ፊዚዮቴራፒስቱ ስድስት ዓይነት እንቅስቃሴ በወረቀት ሰጣት። ሁለት ሳምንት ሠራች። ከዚያ «ጭራሽ ባሰብኝ፤ ያለቀ ጉልበት በስፖርት አይመለስም» ብላ ተወችው። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ምን ላድርግ? (የ26 ዓመት ልጇ)

መልስ፦ እናትሽ ሰንፈው አይደለም ያቆሙት፤ ፈርተው ነው። «ጉልበትሽ አልቋል» የተባለ ሰው፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የቀረውንም የሚጨርስ ይመስለዋል። እኛ ሐኪሞችም ራጅ እያየን ይህን ቃል እንናገራለን። ባንናገረው ደስ ይለኛል። አጥንቶቹን የሚሸፍነው ልስልስ ነገር ደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከሚንቀሳቀሰው ፈሳሽ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ደግሞ ሸክሙን ያግዘዋል።

ህመሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ መለኪያ ስጫቸው። ህመሙ ከ0 (ምንም የለም) እስከ 10 (ከሁሉ የከፋ) ቢቆጠር ከ5 ካላለፈና በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ካልተመለሰ ብዛቱን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ለውጡ ደህና ሆኖ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ነው። እናትሽ ያቆሙት ገና ከባዱ ላይ ሳሉ ነው።

ስድስቱ ለጊዜው ይቆዩ፤ በሁለት ይጀምሩ። ሰዓቱም ቡና የሚፈላበት ይሁን፤ እሱ መቼም አይረሳም። ጀበናው ተጥዶ ሳለ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይመልሱ። በየእግሩ 10 ጊዜ። ከአቦል በኋላ ደግሞ ከወንበሩ መነሳትና መቀመጥ፣ 8 ጊዜ። ካቃታቸው ጠረጴዛ ይደገፉ። በርጩማው ለዚህ ጉልበት በጣም ዝቅ ይላል፤ ከፍ ያለ ወንበር አምጪላቸው።

የማክማቸው አንዲት እናት ሊቆላ ከታጠበው ቡና አሥር ፍሬ ነጥለው፣ እግራቸውን በዘረጉ ቁጥር አንዱን ወደ ምጣዱ ይጥሉ ነበር። ቁጥር አይጠፋባቸውም። አሥሩ ሳያልቅ ቡናው አይቆላም!

«ሠራሽ ወይ?» እያልሽ አትቆጣጠሪያቸው። አጠገባቸው ተቀምጠሽ አብረሽ ሥሪ። ከሁለት ወር በኋላም ወደ ፊዚዮቴራፒስቱ ይዘሻቸው ሂጂ፤ የቀሩትን አራቱን ያኔ ይጨምርላቸዋል።

ጉልበቱ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ግን ቶሎ ሐኪም ይየው። ከመድኃኒት ቤት እየገዙ የሚውጡት ዲክሎፌናክ የተባለ የህመም ማስታገሻ ካለም ንገሪን፤ በተለይ ግፊት ወይም የጨጓራ ችግር ካለባቸው።