የሎሚ ከርድ እንዳይጓጉል፣ ቅቤው ይቅደም

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ። የሎሚ ከርድ፣ ያንን ቢጫ ለስላሳ ዳቦ ላይ የሚቀባውን፣ ቤት ውስጥ ልሥራ ብዬ እንቁላል፣ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ አንድ ላይ መትቼ ጣድኩት፣ ቅቤውን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ። የወጣልኝ ግን ጣፋጭ የእንቁላል ፍርፍር ነው። በወንፊት ባጠልለውም እንቁላል እንቁላል ይላል። ጣፋጭ ብዙም ስለማልወድ ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ ነበር። በፈላ ውሃ ላይ ሌላ ዕቃ ደርቢና ሥሪው ብለውኛል፣ እኔ ግን ለዚያ ትዕግሥቱ የለኝም። ቀለል ያለ መንገድ የለውም?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ በጣም ቀላል! ዕቃ መደረብም ማጥለልም አያስፈልግሽም። ስኳሩን ሳትቀንሺ ቅደም ተከተሉን ብቻ ለውጪ፤ ቅቤው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይምጣ።

100 ግራም የገበታ ቅቤ ከማቀዝቀዣ ቀድመሽ አውጪና ይለስልስ። ከ200 ግራም ስኳር ጋር ለኬክ እንደምናደርገው ነጣ እስኪል ምቺው። ከዚያ 3 እንቁላልና 1 አስኳል አንድ በአንድ እየጨመርሽ ምቺ። በመጨረሻ 150 ሚሊ ሊትር አዲስ የተጨመቀ የሎሚ ጭማቂ አፍስሺበት። እዚህ ጋ እንዳትደነግጪ! ጭማቂው ሲገባ ድብልቁ ይበጣጠሳል፣ የተበላሸ ወተት ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይደፋዋል፣ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ምንም አልተበላሸም። ለዘብ ያለ እሳት ላይ ጣጂውና ማማሰል ጀምሪ፤ ቅቤው እየቀለጠ ሲሄድ ያ ሁሉ ብጥስጣሽ ጠፍቶ ልስልስ ይላል።

ልስልስ ካለ በኋላ እሳቱን ትንሽ ከፍ አድርጊና ማማሰልሽን ቀጥዪ፣ የድስቱን ጥግና ታች እየነካሽ። እንደ እሳትሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ቴርሞሜትር ካለሽ 77 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ አውርጂው። ከሌለሽ የእንጨት ማንኪያውን አውጪና ጀርባውን በጣትሽ አስምሪበት፤ መስመሩ ሳይደፈን ከቆየ በቃ ደርሷል። እንዲፈላ ግን በፍጹም አትፍቀጂለት። ቀጠነብኝ ብለሽም እሳት ላይ አታቆዪው፣ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ስለሚረጋ በደንብ ይወፍራል።

አሁን ወደ ፍርፍሩ ልምጣ። የእንቁላል ነጭ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉ ደግሞ ከ65 በላይ። በሠራሽበት መንገድ ድስቱ ታች ላይ ያለው እንቁላል ሌላው ገና ሳይሞቅ በስሎ ይጠብቃል። ቅቤው ሲቀድም ግን እንቁላሉ ገና ሙቀት ሳይነካው በስብና በስኳር መሃል ተበትኗል፣ ስለዚህ ተሰብስቦ ለመጓጎል ይቸገራል። ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ስኳሩ ነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ዋናውም እሱ ነው። ስኳር እዚህ ለጣዕም ብቻ አልገባም፤ እንቁላሉ ቶሎ እንዳይረጋ ይከላከላል፣ የሎሚው አሲድ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ግማሹን ስኳር ስታወጪ እንቁላሉን ከአሲዱ ጋር ብቻውን ተውሽው ማለት ነው። 30 ግራም ያህል ብትቀንሺ ምንም አይልሽም፣ ከዚያ በላይ ግን አልመክርሽም። ጣፋጭነቱን መስበር ከፈለግሽ ቁንጥር ጨው ጨምሪበት፣ የሎሚውንም ልጣጭ በደንብ ተጠቀሚ።

ስለ ልጣጩ ካነሳን፣ ላይኛውን ባለ ቀለሙን ብቻ በቀጭኑ ፈቅፍቂ፣ ከሥሩ ያለው ነጩ ይመራል። የፈቀፈቅሽውን ከስኳሩ ጋር በጣትሽ እሺው፤ ዘይቱ ስኳሩ ውስጥ ይገባና ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ከመጭመቅሽ በፊት ፈቅፍቂው ታዲያ፣ የተጨመቀ ሎሚ መፈቅፈቅ መከራ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ከርድ ወፍሮ ጥሩ ይወጣል፣ ግን አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ሎሚው ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድስትህን እይ። ያልተለበጠ አሉሚኒየም፣ መዳብ ወይም ብረት ከሆነ አሲዱ ከብረቱ ጋር ይገናኝና ያ ጣዕም ይመጣል። በማይዝግ ብረት ወይም በኢናሜል ድስት ሥራ። መምቻህም እንደዚያው፣ አሉሚኒየም ከሆነ ተወውና በእንጨት ማንኪያ አማስል።

ጥያቄ፦ ምድጃ ሳልነካ በማይክሮዌቭ ይሆናል?

መልስ፦ አዎ ይሆናል፣ እንዲያውም ጥሩ ነው የሚወጣው። ያንኑ ድብልቅ ሰፋ ባለ የብርጭቆ ሳህን አድርጉና ለ1 ደቂቃ አስገቡት፣ አውጥታችሁ በደንብ ምቱት፣ ደግሞ አስገቡት። መወፈር ሲጀምር ወደ 30 ሰከንድ አውርዱት። ዳር ዳሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ መምታቱን እንዳትዘሉ።

ጥያቄ፦ በብርቱካን ሞከርኩት፣ ግን ጣዕም የለሽ ስኳር ሆነብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብርቱካን ብቻውን አይችለውም፣ አሲዱ ትንሽ ነው። 200 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ 100 እስኪቀር አፍልተሽ በደንብ አቀዝቅዢው፣ 50 ሚሊ ሊትር ሎሚ ጨምሪበት፣ ልጣጩን ግን ከብርቱካኑ ውሰጂ። መንደሪንም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ እኔ እንዲያውም ከብርቱካኑ አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ በብልቃጥ አድርጌ ለጓደኞቼ ስጦታ ልሰጥ አስቤያለሁ። መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል?

መልስ፦ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጪው እህቴ። ማርማላታ አይደለም፣ እንቁላልና ቅቤ አለበት። ትኩሱን ንጹህ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጪ፣ ፕላስቲክ መሸፈኛ ፊቱን አስነክተሽ አልብሺው፣ አለበለዚያ ቆዳ ያወጣል። ከዚያ ቶሎ ማቀዝቀዣ ይግባ። አንድ ሳምንት በደንብ ይቆይልሻል። ለረዘመ ጊዜ ከፈለግሽ ፍሪዘር ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፣ ብልቃጡን ግን እስከ አፉ አትሙዪው፤ ስትፈልጊው ከማታው ወደ ታችኛው ማቀዝቀዣ አውርጂውና በማንኪያ አማስዪው። ለጓደኞችሽም የሠራሽበትን ቀን ጽፈሽ ለጥፊበት፣ «ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ» የሚልም ጨምሪበት።