ቱቦውን ከመምረጣችሁ በፊት ነጂውን መዝኑ

ልጆቼ፣ የመጀመሪያ የብስክሌት ፍሬማችሁን በገዛ እጃችሁ ልትሠሩ የተነሳችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ቱቦ ልግዛ? ሬይኖልድስ ይሻላል ኮሎምቡስ?» ሁለቱም የታወቁ ቱቦ ሠሪዎች ናቸው። እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ፦ የሚነዳው ማነው? ስንት ኪሎ ነው? ዕቃ ይጭናል?

ይህን መጠየቅ የተማርኩት አንድ ሰው ላይ ጉዳት ላደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ወጣት ነበርኩ። ደንበኛዬ ረጅም፣ 100 ኪሎ የሚጠጋ ሰው ነው። ሻንጣ ጭኖ ሩቅ መንገድ መጓዝ ፈለገ። እኔ ደግሞ ቀላል ፍሬም ሠርቼ ላስደንቀው ጓጓሁ። ስስ ቱቦ መረጥኩለት፤ ጫፉ 0.8፣ መሃሉ 0.5 ሚሊ ሜትር። ባዶውን ሲነዳው በጣም ወደደው። ሻንጣውን ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ፍሬሙ ይጥመለመል ጀመር። መሪው በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የላይኛውን ቱቦ በጉልበቶቹ ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ፍሬኑን ቀስ እያለ ነክቶ ነው የቆመው። መጥቶ ሲነግረኝ የነበረው ፊቱ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ቱቦው እንከን አልነበረበትም። ለቀላል ሰው የሚሆነውን ቱቦ ለከባድ ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይኸውላችሁ። ጥንካሬና ግትርነት ይለያያሉ። ግትርነት ስል ጭነት ሲያርፍበት አለመተጣጠፉን ነው። ጥንካሬ ደግሞ ተጣሞ ሳይቀር፣ ሳይሰበር መቻሉ ነው። ርካሹም ውዱም ብረት በግትርነት ያው ነው ማለት ይቻላል። ውዱ ቅይጥ የሚበልጠው በጥንካሬ ነው። ስለሚጠነክር አሳስተው ይሠሩታል፤ ሲሳሳ ይቀላል። ግን የሳሳ ቱቦ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ግድግዳ ላይ ሲደገፍ እንኳ ቶሎ ይሰረጎዳል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከፍዬ ግትር ፍሬም አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ግትርነት የምትፈልጉ ከሆነ ዲያሜትሩን እዩ። የብረቱ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ግትርነቱም እጥፍ ገደማ ነው የሚሆነው። ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ግን ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ለምሳሌ የታችኛውን ቱቦ ከ28.6 ወደ 31.8 ሚሊ ሜትር አሳድጉት፤ ውፍረቱን ደግሞ ከ0.9 ወደ 0.8 ቀንሱ። ክብደቱ አይጨምርም። ግትርነቱ ግን ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል። እኔ ይህን ሳሰላው ማመን አቅቶኝ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

ለከባድ ሰው ወይም ዕቃ ለሚጭን የላይኛውን ቱቦ ዲያሜትር 28.6፣ የታችኛውን 31.8፣ የብረቱን ውፍረት ጫፉን 0.9፣ መሃሉን 0.6፣ ሌላውን ጫፍ 0.9 አድርጉት። ቀጭንና አጭር ለሆነ ሰው ደግሞ ይህ ፍሬም ድንጋይ ይሆንበታል። ለእሱ ወይም ለእሷ 25.4 እና 28.6 ይበቃል፤ ውፍረቱም 0.8፣ 0.5፣ 0.8። ቀላል ነጂዎችን የሚያስባቸው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው ይህን ለይቼ የምነግራችሁ።

ጫፉ ወፍራም፣ መሃሉ ስስ የሆነው ቱቦ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሬይኖልድስ ፈጠራውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ጫፉ የወፈረው የብየዳውን ሙቀትና በመጋጠሚያው ላይ የሚበረታውን ጫና እንዲችል ነው። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት የወፈረው ክፍል የት ድረስ እንደሚሄድ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በተለይ ፍሬሙ ትንሽ ከሆነ፣ ከአንድ ጫፍ ብቻ ስትቆርጡ ወፍራሙ ያልቅና ብየዳው ስሱ ላይ ያርፋል። የኮርቻው ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚወፍረው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ያንን ወገን ወደ ታች፣ ወደ ፔዳሉ አድርጉ።

የራሳችሁንም እጅ መዝኑ። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ሬይኖልድስ 531 ድንቅ ቱቦ ነው፤ ግን የተሠራው በቀለጠ ናስ ወይም በቀለጠ ብር እንዲያያዝ ነው። ቀጥሎ የመጣው 753 ከመጠን በላይ ከሞቀ ጥንካሬው ስለሚጠፋ ዝቅ ባለ ሙቀት በብር ነበር የሚያያዘው፤ ሠሪዎችም ለመግዛት አስቀድመው የሥራቸውን ናሙና ማስፈተን ነበረባቸው። 853 ደግሞ ከተበየደ በኋላ በአየር ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ለጀማሪ ግን ተራው ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት)፣ 4130 የሚባለው፣ ከበቂ በላይ ነው። ሙቀት ትንሽ ቢበዛበት ይቅር ይላችኋል።

ከዚያው ቱቦ ትርፍ አንድ ግዙ። ቆራርጣችሁ አያይዙት፤ ከዚያ መጋጠሚያውን በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቁት። ናሱ ዙሪያውን ገብቶ እንደሆነ፣ ብረቱም ተቃጥሎ እንደሆነ ውስጡን እዩ። እኔ የሰው ፍሬም ከመንካቴ በፊት እንዲህ አድርጌ 20 መጋጠሚያ ሰንጥቄያለሁ። የመጀመሪያዎቹ 6 ናሱ ወደ ውስጣቸው አልገባም ነበር።